ለደህና ሰው በር አይከፈትም

በዚያ ዘመን ከዓለም ከተሞች ሁሉ ጤነኛዋ ኮምቦልቻ ነበረች። ይህን የሚለው የጎረቤት ወሬ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚወጣው የጤና ቆጠራ ነው። በቆጠራው መሠረት ከሐርቡ መግቢያ እስከ ደሴ ዳገት ሥር የሚኖረው ሕዝብ በጠቅላላ፣ አልጋ ላይ የዋለው ሳይቀር፣ ደህና ነበር። ከማዶ አገር የመጡ ሊቃውንት ምሥጢሩ የቦርከና ውሃ ነው ወይስ በርበሬው ብለው ሲመራመሩ ከርመው፣ ሁለቱንም በበርሜል ጭነው ተመልሰዋል።

ምሥጢሩ ግን ምላስ ላይ ነበር። በየማለዳው በሰው ሁሉ እጅ ላይ ያለው አምባር «እንዴት አደሩ?» ብሎ ይጠይቃል። ስሙም ጠያቂ ነው። ያገሩ ሰው ደግሞ ለዚህ ጥያቄ ከእናቱ ወተት ጋር የጠባው አንድ መልስ ብቻ አለው፤ «ደህና፣ አልሐምዱሊላህ»፣ ወይም «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ሪህ ሲጠዘጥዘው ያደረውም፣ ሳል ጎኑን የበሳውም ደህና ነው። ጠያቂ ይመዘግባል። ሦስት ዓመት በተከታታይ ደህና ያደረ ሰው የጤና መድን ስለማያስፈልገው፣ መድኑ ይታጠፍና ለሚያስፈልገው ይሰጣል። አሠራሩ የታወጀ ቀን ሕዝቡ እጁ እስኪቀላ አጨብጭቧል። ከዚያ ወዲህ በከተማው መድን የቀረላቸው ነጭናጮችና ባለሥልጣናት ብቻ ናቸው።

የኢክራም መድን ከታጠፈ ቆይቷል። ሲታጠፍ አምባሩ የእንኳን ደስ ያለዎት ሙዚቃ አሰምቷት ነበር።

ኢክራም ያለ ሹፌር ለሚሄዱት ሚኒባሶች የመቀመጫ ሽፋን ትሰፋለች። ሹፌር ባይኖራቸውም ረዳት አላቸው፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ደሴ፣ ደሴ፣ አንድ ሰው!» የሚል ከሌለ ማን ይሳፈራል? እሷ የሰፋችውን መቀመጫ የራያ ኮርማ ቢወጋው ቀንዱ ይሰበራል እንጂ ክሩ አይላላም ይባላል። የተጣመመ ስፌት አይታ ማለፍ አትችልም። በሰው ሠርግ ላይ የሙሽራዋን ቀሚስ ጫፍ ተንበርክካ ተርትራ እንደገና የሰፋች ሴት ናት።

አንድ ማለዳ የጨርቅ ጥቅል አቅፋ ስታነሣ ግራ ጡቷ ውስጥ አንድ ነገር ተሰማት። ጥቅሉን አስቀምጣ በጣቷ ፈለገችው። ወደ ብብቷ ጠጋ ብሎ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር ነገር አለ። ስትጫነው አይሸሽም። አያምምም። መስተዋት ፊት ቆማ ክንዷን ወደ ላይ ስታነሣ፣ ቆዳው እዚያ ቦታ ላይ ክር እንደ ሳበው ጨርቅ ጎድጎድ ብሏል፤ የጡቷ ጫፍም ወደ ውስጥ ተስቧል።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። አክስቷ እንዲህ ያለ ነገር ይዛ «ምንም አይደለም፣ ደህና ነኝ» እያለች፣ ደህና እንዳለች ነው የቀበሯት። ኢክራም ተነሥታ ቀሚሷን ቆለፈች።

«ይሄማ መተርተር አለበት» አለች ለመስተዋቱ።

ሆስፒታሉ ከቦርከና ማዶ ነው። ቁመቱ ደመናውን ከመሐሉ ከፍሎታል፤ ስፋቱ ደግሞ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው በእግር የሚሄድን ሰው ስንቅ ያስይዛል። በሩ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ጽሑፍ በወርቅ ቀለም ያበራል። ኢክራም ቀረብ ስትል በሩ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ኢክራም?»

«ደህና፣ አልሐምዱሊላህ» አለች። ቃሉ ካመለጣት በኋላ አፏን በእጇ ያዘች።

«ደህና በመሆንዎ ደስ ብሎናል። መልካም ቀን።»

«ቆይ! ቆይ አንተ! ጡቴ ላይ እኮ...»

«ቤተሰብ እንዴት ነው?»

«ደህና ናቸው፤ እኔ ግን...»

«ልጆች? ጎረቤት? ሥራ?»

«ደህና፣ ደህና፣ ደህ... ኧረ በአላህ!»

«ምስጋና ይድረሰው» አለ በሩ፣ አልተከፈተም። ይህ በር ሰላምታ የተማረው ከወሎ ሽማግሌዎች ነው፤ ጥያቄውን ሰባ ጊዜ ቢያገላብጠው አይደክመውም። እሱ ፊት ቆሞ «ደህና» ሳይል የተመለሰ ያገር ልጅ እስከዚያ ቀን አልታየም።

ጥግ ላይ ወንበሩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ የተቀመጠ ዘበኛ ነበር። በሩ ራሱን ስለሚጠብቅ የእሱ ሥራ የተመለሱትን ማጽናናት ነው።

«አብሽሪ እትዬ» አላት። «ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሆነው።»

«ብከፍልስ?»

«በምን?» ብሎ ሳቀ። «ሐኪም ቤት ደጅ ላይ ብር ያየ ሰው አያቴ ነበር፤ እሱም ሞቷል። መድን ከሌለ በር የለም። አንድ ጊዜ ደህና ነኝ ካልሽ ደግሞ የራስሽ ቃል አይሰማም፤ ምስክር ነው የሚሰማው። የሚያውቅሽ ሰው እዚህ ቆሞ ደህና አይደለችም ካለ መድንሽ እዚሁ ይዘረጋል። የሚፈቀደው ሦስት ምስክር ነው። ሦስቱም ደህና ናት ካሉ እስከ ዓመት አያናግርሽም።»

«እስከ ዓመት?»

«እስከ ዓመት።»

ኢክራም የጨርቅ ከረጢቷን ትከሻዋ ላይ አስተካከለች። ያ ባቄላ ዓመት እንደማይጠብቃት ታውቃለች።

የመጀመሪያው ምስክር ባሏ አንዋር ነበር። አንዋር ሚስቱን የሚወድበት መውደድ ከተራራ ጋር ቢመዘን ተራራው ይነሣል። ነገሩን ስትነግረው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ከዚያ «ነገ ጧት እሄዳለሁ፣ አንዲት ቃል ናት፣ አንዲት ቃል ታቅተኛለች?» አለ። በሚኒባሱ ውስጥ ሙሉውን መንገድ «ደህና አይደለችም፣ ደህና አይደለችም» እያለ ሲለማመድ፣ ተሳፋሪው ሰው የሞተበት መስሎት ሲያጽናናው መጣ።

«ባለቤትዎ እንዴት ናቸው?» አለው በሩ።

አንዋር አፉን ከፈተ። ዞሮ አያት። ሻሿን፣ እጇን፣ ቀና ብላ የቆመችበትን አቋቋም አየ። እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ደህና ናት» አለ። «ምንም አትሆንም። ደህና ናት እኮ!»

«እንኳን ደስ ያለዎት» አለ በሩ።

«አንዋር!»

«አልወጣ አለኝ! አንቺን ታማለች ብዬ ከማወራ ምላሴ ይቆረጥ!»

«ምላስህን ምን ላደርገው? የፈለግሁት ቃሉን ነው!»

ወደ ቤት ሲመለሱ እሷ ነበረች የምታባብለው።

ሁለተኛው አያ ናሆም ናቸው። አያ ናሆም የቅሬው ዳኛ ናቸው። ቅሬ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ሬሳ የሚያነሣበት፣ ሐዘንተኛ የሚያስተዛዝንበት የሰፈር ማኅበር ነው፤ ዳኛው አንድ ነገር ከተናገሩ ድንጋይ ላይ ተጻፈ ማለት ነው። እኚህ ሰው በሐሰት አለመናገራቸው ከመታወቁ የተነሣ፣ «ዛሬ ይዘንባል» ካሉ ደመናው አፍሮ ይዘንባል።

«ልጄ፣ አብሽሪ» አሏት። «እውነት ለመናገር የኔ ቢጤ ሰው ካቃተው ማን ይችላል?»

ሲሄዱ ሰፈሩ ተከተላቸው። ዳኛው በሩ ፊት ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። በሩ «ወይዘሮ ኢክራም እንዴት ናቸው?» አለ። አያ ናሆም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ነገር ግን በዕድሜያቸው ሙሉ ስለ ታመመ ሰው አፋቸውን ሲከፍቱ ምርቃት ሳያስቀድሙ ያወሩበት ቀን የለም።

«ክፉ አይንካት» ብለው ጀመሩ፤ ከዚያ መንገዱ ራሱ ወሰዳቸው። «ክፉውን ከሷ ያርቀው! ዕድሜዋን ያርዝመው! ደህና ናት፣ ወደፊትም ደህና ትሆናለች!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ዘበኛውም ከወንበሩ ተነሥቶ አሜን አለ። ኢክራምም ራሷ፣ ከልማድ የተነሣ፣ አሜን አለች።

አያ ናሆም ያደረጉትን ያወቁት ሲጨርሱ ነው። በሩን አዩ፣ እሷን አዩ፣ መሬት አዩ። «ወይኔ ልጄ» ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«አይዞዎት አያ» አለች ኢክራም፣ ጥርሷን ነክሳ። «አንድ ይቀረኛል።»

ከዚያ ቤቷ አልገባችም። በቀጥታ ወደ ኤልዳና ደጅ ሄደች።

ኤልዳና ግድግዳ የምትጋራት ጎረቤቷ ናት፤ ግን አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ምክንያቱ የኢክራም ልጅ ሠርግ ላይ የተቆረሰው ድፎ ዳቦ ነው። እንግዳው ሁሉ እየጎረሰ «ግሩም ነው፣ እጅሽ ይባረክ» ሲል፣ ኤልዳና በሙሽራው ወገን ፊት ቁራሹን ከፍ አድርጋ «ውስጡ ሊጥ ነው» አለች። ኤልዳና እንዲህ ናት። ከንቲባውን በአደባባይ «ንግግርህ ረዘመ፣ ልጆቻችንን አስተኛህብን» ያለች ናት። እውነት ከአፏ ስትወጣ አንገቱን ያልደፋ የለም። በየማለዳውም ጠያቂን «ጉልበቴ አሞኛል፣ ወገቤ አሞኛል፣ አንተም ድምፅህ አስጠልቶኛል» ስለምትለው በሰፈሩ መድኗ ያልታጠፈ ብቸኛዋ ሰው እሷ ነች።

በሩን ስትከፍት ኢክራምን አይታ ከእግር እስከ ራሷ ለካቻት።

«ዳቦው በስሎ ነበር» አለች ኢክራም፣ ሰላምታ ሳታስቀድም።

«ሊጥ ነበር።»

«በስሎ ነበር። ለሱ አይደለም የመጣሁት። አፍሽን ፈልጌ ነው።»

«የኔን አፍ? አገሩ ሁሉ ዝጊው እያለኝ?»

ኢክራም ነገረቻት። ጡቷን፣ በሩን፣ አንዋርን፣ አያ ናሆምን። ኤልዳና ሳታቋርጣት ሰማች፤ ይህ በራሱ በታሪክ የመጀመሪያው ነው። ሲያበቃ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«እኔን የመረጥሽው ክፉ አፍ አላት ብለሽ ነው?»

«ሌላ በምን ልመርጥሽ?»

«ጎሽ። አይደለም ብትዪኝ ኖሮ አልመጣም ነበር» አለችና ነጠላዋን ከማንጠልጠያው ላይ መነጨቀችው።

በማግስቱ በሆስፒታሉ ደጅ የተሰበሰበው ሰው ከባቲ ገበያ ይበዛል። ሚኒባሶቹ ሳይቀሩ ያለ ትእዛዝ ቆመዋል። ኤልዳና ሕዝቡን በክርኗ እየከፈለች ወጥታ በሩ ፊት እግሯን አንፈራጥጣ ቆመች።

«ወይዘሮ ኢክራምን በምን ያውቋቸዋል?» አለ በሩ።

«በኩርፊያ።»

በሩ ቀጠለ። «እንዴት ናቸው?»

ኤልዳና አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። ከንቲባውን ያስደነገጠው ምላስ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀ። አሥራ አንድ ዓመት በግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናዋን ድምፅ የሰማችላትን ሴት፣ በሕዝብ ፊት፣ በዚህ ነገር ልትጠራት።

«ክፉ... ክፉ በአፌ አይውጣ...» አለች ቀስ ብላ። «እሷማ... ደህ...»

ኢክራም ቃሉ ሳያልቅ የኤልዳናን እጅ ቀማችው። ጋቢዋን ገለጥ አድርጋ፣ ከሰው ዓይን ከልላ፣ እጇን በቀሚሷ አንገት አስገብታ ግራ ጡቷ ላይ ጫነችው።

«የምታስቢውን አትንገሪው!» አለቻት። «ጣትሽ ያገኘውን ንገሪው!»

የኤልዳና ጣቶች መጀመሪያ እንደ ሌባ ፈሩ። ከዚያ ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው ዳሰሱ። ዓይኗ ፈጠጠ።

«ጠጠር ነው» አለች። «እዚህ ጋ ጠጠር አለ። ስገፋው አይሄድም። ከሥር ይዟታል። ቆዳዋ ተሸብሽቧል።» ድምፅዋ ከፍ እያለ መጣ። «ደህና አይደለችም! ሰማህ? ታማለች! ይህች ሴት በሽተኛ ናት፤ አንተም ደንቆሮ ነህ! ክፈት ብዬሃለሁ፣ የሣጥን ክዳን!»

ወርቃማው ጽሑፍ አንድ ጊዜ ብልጭ አለ።

«መድንዎ ተዘርግቷል» አለ በሩ፣ ተከፈተም።

ውስጡ ሰው አልነበረም። መተላለፊያው እግር ያልነካው ወለል ነው፤ አልጋዎቹ ከነላስቲካቸው ተደርድረዋል፤ መብራቶቹ እነሱ ሲያልፉ ብቻ እየበሩ ከኋላቸው ይጠፋሉ። ከአንድ ክፍል ውስጥ ነጭ ካባ የለበሰች ወጣት ሐኪም ብቅ አለች። ስሟ ረድኤት ነው። ሁለቱን ሴቶች ስታይ ደነገጠች።

«በእግራችሁ ነው የመጣችሁት?»

«በምን እንምጣ?» አለች ኤልዳና።

«እዚህ የሚመጣው ሰው ተሸክመውት ነው። ያኔ ምስክር አያስፈልገውም» አለች ዶክተሯ። «የኔም ሥራ ያኔ ብዙ አይደለም።»

ኢክራምን አስተኝታ ጡቷን ዳሰሰች፣ ብብቷን ዳሰሰች፣ በመሣሪያ አየች፣ ከዚያ በቀጭን መርፌ ከጠጠሩ ቆንጥራ ወሰደች። መርፌው ሲገባ ኤልዳና «ቀስ በይ፣ ጆንያ አይደለችም!» ስትል፣ ኢክራም «አንቺ ዝም በይ፣ ሥራዋን ትሥራ» አለቻት። ውጤቱ እስኪመጣ ስለ ዳቦው ተከራከሩ። አልተስማሙም።

ዶክተሯ ተመልሳ ወንበር ስባ ኢክራም ጉልበት አጠገብ ተቀመጠች።

«ካንሰር ነው» አለች። «ግን ገና ጡትሽ ውስጥ ብቻ ነው፤ ብብትሽ ሥር አልደረሰም። በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ ከዚያ መድኃኒት ይከተላል። ይከብዳል። ግን በጊዜው መጥተሻል።»

ኢክራም የአልጋውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ዓይኗ ረጠበ፣ ግን አላፈሰሰችውም።

«መቼ ነው የምታወጪው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬስ?»

«ሐሙስ» አለች ዶክተሯ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ወደ ኢክራም አምባር አመለከተች። «አንድ ነገር ስሙኝ። ጠያቂ ቀኑን ሙሉ ይሰማል። እስከ ሐሙስ ድረስ ማንም ሰው እንዴት ነሽ ቢላትና ደህና ብትል፣ ተሽሏታል ብሎ መድኑን ያጥፈዋል። በሩም ይዘጋል። ሌላ ምስክር የላትም።»

ኢክራምና ኤልዳና ተያዩ። ሐሙስ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ቀን ሰላምታ ሳይመልሱ መኖር ቦርከናን በአፍ ከመጠጣት ይከብዳል።

«አፏን እኔ እጠብቃለሁ» አለች ኤልዳና።

ወደ ቤት የሄዱት በእግር ነው። ሕዝቡ ወሬ ናፍቆ መንገዱን ግራና ቀኝ ሞልቷል። የሚኒባሱ ረዳት ከሩቅ «እትዬ ኢክራም፣ እንዴት ዋልሽ?» ሲል ኢክራም የሻሿን ጫፍ ነከሰች።

«ደህና አይደለችም!» ብላ ጮኸችበት ኤልዳና። «ምን አገባህ? ደሴህን ጥራ!»

«ሰላም ነሽ፣ እታለም?» አሉ አንዲት ባልቴት።

«ሰላም የላትም! ይግቡ ቤትዎ፣ ንፋስ ነው!»

«እንዴት ነች፣ ተሻላት?» አለ ልብስ ሰፊው።

«ብሶባታል! አንተም ያ የሰፋኸው ሱሪ ጠቦኛል!»

እንዲህ እያለች መንገዱን አጸዳችው። የዘንባባ ዛፍ የሚያህል ሰው እንኳ አልመለሳትም። ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የኤልዳናን ስድብ እየሰሙ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ኢክራም ሻሿን እንደ ነከሰች፣ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፤ ከአምስት ሰው ለአራቱ «ደህና» የሚለው ቃል ሊያመልጣት ሲል መልሳ ትውጠዋለች።

አንዋር ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ወደ ሆስፒታሉ እንዳይሄድ ራሱን የከለከለው እሱው ነው፤ አፉን አላመነውም። ሲያያት ሮጦ መጣ። ሰፈሩ ከኋላዋ ቆመ። አንዋር ሠላሳ ዓመት በየምሽቱ የሚጠይቃትን ጠየቃት፤ ሌላ ቃል አልነበረውም።

«እንዴት ዋልሽ?»

ኤልዳና አየር ሳበች። ኢክራም እጇን አንሥታ አስቆመቻት። ሻሿን ከጥርሷ አወጣች።

«አሞኛል» አለች። ጮክ ብላ፣ ሰፈሩም አምባሩም እንዲሰማ። «አሞኛል፣ አንዋር። ካንሰር ነው። ሐሙስ ያወጡልኛል።»

ማንም አሜን አላለም። ለዚህ ቃል የሚሰጥ መልስ በዚያ ሰፈር የተማረ ሰው አልነበረም። አያ ናሆም ምርቃት ሊጀምሩ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። አንዋር ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀሰ፤ «ደህና ትሆኛለሽ» የሚለው ቃል ጥርሱ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ከረጢቷን ከትከሻዋ ላይ አወረደና በራሱ ትከሻ ላይ አደረገው።

«ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አላት።